ሰሞን፦ የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሳምንት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ አገልግሎት የሚቆጠረው በሰሞን ነው። ቃሉ ከግእዙ «ሰሙን» የመጣ ሲሆን ሳምንት ማለት ነው፤ በካህናት አፍ ግን ተራ ማለትም ነው። ሰሞነኛ የሆነ ቄስ ሳምንቱን ከደብሩ አይርቅም፣ ድግስ ቢጠራ ይቀራል፣ ማታ ማታ እዚያው ግቢ ያድራል። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቃት በአብዛኛው እሑድ ጠዋት ነው። እሑድ ጠዋት ግን የሚያምረውም የሚበላሸውም ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ማን ተገኘ፣ ማንስ ቀረ በሚለው ነው።

ከዚህ በታች ያለው በከተማም ሆነ በገጠር አጥቢያ የተለመደው አካሄድ ነው። ሰዓቶቹ በአገሩ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ ከደብር ደብር ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይለያያሉ።

ሰሞነኞቹ

ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይቀደስም። ትንሹ ቁጥር አምስት ነው፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ዋናው ቄስ ገባሬ ሠናይ ወይም ሠራዒ ካህን ይባላል፤ አጋዡ ንፍቅ ካህን ነው። ከዲያቆናቱም አንዱ ገባሬ ሠናይ፣ አንዱ ንፍቅ ይሆንና ሦስተኛው መብራት ይይዛል። ካህናት በሚበዙበት ደብር ልዑካኑ፣ ማለትም ቅዳሴ የሚገቡት፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ይሆናሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ሰሞን ያለው ደብር ቢያንስ 8 ቀሳውስትና 12 ዲያቆናት ሊኖሩት ይገባል፤ ያኔ አንድ ሰው ተራው በአራት ሳምንት አንዴ ይደርሰዋል። ሁለት ቄስ ብቻ ያለው የገጠር አጥቢያ ሰሞን የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ሳምንት የእነዚያው ሰዎች ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ዲያቆን ነው። ዲያቆናቱ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ፈተና ሲደርስ፣ በገጠርም አጨዳ ሲመጣ ይጎድላሉ። አንድ ሰው ከጎደለ ቅዳሴ የለም፤ ኪዳን የተባለው የማለዳ ጸሎት ብቻ ደርሶ ሕዝቡ ይሰናበታል። ስለዚህ ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲያቆናቱን በስም ቆጥሮ ያያል፤ ከጎደለም ከጎረቤት ደብር ሰው ይዋሳል። ይህን ነገ ያለ፣ እሑድ ሌሊት በስልክ ዲያቆን ሲያፈላልግ ያድራል።

መቅደስ የሚገባ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት መጾም አለበት። ባለትዳሩ ቄስ በሰሞኑ ከሚስቱ ይለያል። ደም የሚፈስ ቁስል ያለበት ለዚያ ቀን አይገባም። አንዴ ቅዳሴ የገባ ደግሞ እስኪያልቅ አይወጣም፤ ስለዚህ የታመመ ሰው ሕመሙን ደብቆ ቢገባ ሌሎቹን አራቱን ነው የሚያስጨንቀው።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር ዜማ ነው። የቅዳሴ ዜማ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉት፤ የትግራዩ ደብረ ዓባይና የወሎው ሰለልኩላ። ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ አነሣሡና አጣጣሉ ግን ይለያያል። ከሁለቱ ቤት የወጡ ቀሳውስት አብረው ሲገቡ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው በራሱ ቤት ልማድ ከተቀበለው ሕዝቡም መካከል ላይ ይደናገራል። ልማዱ ንፍቁ ለሠራዒው ዜማ እንዲያደላ ነው።

ቅዳሜ ሠርክ እና ቤተልሔም

የቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው ከማታ ስለሆነ የእሑድ ሥራ የሚነሣው ቅዳሜ ሠርክ ላይ ነው። 11 ሰዓት አካባቢ የሠርክ ጸሎት ይደርሳል፤ በብዙ ደብርም ሰሞን የሚለወጠው በዚሁ ሰዓት ነው።

ቤተልሔም ከቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ በአብዛኛው በምሥራቅ በኩል የምትሠራ ትንሽ ቤት ናት። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን የሚሰናዳው እዚያ ነው። ስንዴውን የሚለቅሙትና የሚያስፈጩት ብዙ ጊዜ መነኮሳይያት ናቸው፤ ጠጠር፣ እንክርዳድና የተነቀዘ ፍሬ አንድ በአንድ ይወጣል። ዱቄቱ ቤተልሔም ከገባ በኋላ ግን የሚነካው ካህንና ዲያቆን ብቻ ነው። ማታ በእርሾ ይቦካል፣ ሌሊት ይጋገራል፣ በላዩም የመስቀል ምልክት ይታተማል። ያለ እርሾ የሚጋገረው በዓመት አንድ ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው።

ኅብስቱ የዚያው ቀን መሆን አለበት፤ የትናንት አይቀርብም። የተሰነጠቀ፣ ያረረ ወይም የኮመጠጠ ተለይቶ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እርሾው ነው። በቆላ ሊጡ ሌሊቱን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ በደጋ ደግሞ በክረምት ብርድ ሳይነሣ ያድርና ኅብስቱ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ልማድ ያለው ዲያቆን በቆላ አምሽቶ ያቦካል፤ በደጋ ቀደም ብሎ አቡክቶ እሳት አጠገብ ያስቀምጣል።

ወይኑ ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲርስ ይታሽና ይጨመቃል፣ ይጣራል። ሳይፈላ፣ የሚያሰክር ሳይሆን ይቀርባል። ስለዚህ ምእመናን ለስለት ከሚያመጡት ሁሉ ለዕለት አገልግሎት ቶሎ የሚፈለገው ዘቢብና ዕጣን ነው። ጃንጥላ ከየበዓሉ እየተረፈ ዕቃ ቤት ይሞላል፤ ዘቢብ ግን በጾመ ፍልሰታ፣ ቆራቢ በሚበዛበት ወቅት፣ ሳይታሰብ ያልቃል።

ሥጋ ወደሙ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ የተቀደሰው በዚያው ቅዳሴ ማለቅ አለበት። በመሆኑም የቆራቢው ቁጥር ቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። ሰንበት ላይ ሕፃናት ስለሚበዙ ልምድ ያለው ካህን ይህን አስቦ ነው የሚያዘው።

እሑድ

ደወሉ ሌሊት ይደወላል። ሊቃውንቱ ቅኔ ማኅሌት በተባለው የቤተ ክርስቲያኑ ውጨኛ ክፍል መቋሚያቸውን ይዘው ይቆማሉ። በሰንበት የሚደርሰው መወድስ ይባላል፤ በአዘቦት የሚደርሰው ስብሐተ ነግህ ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው። በታላላቅ በዓላት ማኅሌቱ ከማታ ጀምሮ እስከ ንጋት ሲቆም፣ በተራ ሰንበት ግን ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ኪዳን ይደርሳል።

መወድሱ ውስጥ ቅኔ ይዘረፋል። ለዚያ ቀን የተዘረፈ ቅኔ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ የትናንቱን የደገመ መሪጌታ በባልንጀሮቹ ዘንድ ትዝብት ላይ ይወድቃል። አጭሩ የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ የተባለው ቅኔም ስምንት ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ግቢው ውስጥ ካለ በጉባኤ ቃና ይሞከራል። ሰምና ወርቁ ካልገጠመለት እዚያው በሽማግሌዎች ፊት ይታረማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሕዝቡ አብዛኛው እንቅልፍ ላይ ነው።

11 ሰዓት ገደማ ኪዳን ይደርሳል። ከኪዳን በኋላ መሥዋዕቱ ከቤተልሔም ይወጣል። ዲያቆኑ ኅብስቱን በመሶበ ወርቅ፣ ሌላው ወይኑን ይዞ፣ ከላይ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ከፊት ቃጭል እየተመታ ወደ መቅደስ ይሄዳሉ። ቃጭሉን የሰማ ሁሉ ባለበት ይሰግዳል፤ በመንገዳቸው አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው።

ቅዳሴው 12 ሰዓት አካባቢ ይጀምርና ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓትም ይፈጃል። የትኛው ፍሬ ቅዳሴ (የቅዳሴው ዋና ክፍል) እንደሚቀደስና ምን እንደሚነበብ የሚወስነው ግጻዌ የተባለው የዕለታት ንባብ መጽሐፍ ነው። ፍሬ ቅዳሴዎቹ 14 ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የሐዋርያት ሲሆን በእመቤታችን በዓላት የአባ ሕርያቆስ ቅዳሴ ማርያም ይቀደሳል። ንባቡ በየልዑካኑ የተከፈለ ነው፦ የጳውሎስን መልእክት ሠራዒው ዲያቆን፣ የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት ንፍቁ ዲያቆን፣ የሐዋርያት ሥራን ንፍቁ ካህን ያነባሉ። ከዚያ ከዳዊት የተወሰደው ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይነበባል። ግጻዌውን ማታ ያላየ ዲያቆን የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ቆሞ እርሱ ገጽ ይገልጣል።

ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር ገብተው ይቆማሉ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ለመቁረብ የመጣ ሰው ከመጀመሪያው መገኘት አለበት። የ18ቱ ሰዓት ጾም ሲቆጠር፣ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡን ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት ላይ ጨርሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌሊት 6 ሰዓትን እንደ መነሻ በመውሰድ ነው። ሥጋውን ካህኑ፣ ደሙን ዲያቆኑ ዕርፈ መስቀል በተባለው ማንኪያ ያቀብላል። ቆራቢው አፉን በነጠላው ሸፍኖ የቅዳሴ ጠበል ይጠጣል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ከግቢው አይወጣም፤ ይህን ግን ጫማውን ቀድሞ ያነሣ ሰው አይሰማውም።

ክርስትና የሚነሡ ሕፃናት ካሉ ጥምቀቱ ከቅዳሴው በፊት ይፈጸማል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ይቆማል። ሕፃኑ ተጠምቆ ሜሮን ከተቀባ በኋላ በዚያው ቅዳሴ ይቆርባል፤ ስለዚህ እናቲቱ ጡት እንዳትሰጠው አስቀድሞ ይነገራታል። ሳይነገራት ቀርቶ በማለዳ ታጠባለች፤ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። ሌላው የተለመደ ችግር ወላጆች ሳይመዘገቡ ሌሊት መምጣታቸው ነው። ካህኑ የሚጠይቃቸው የልጁን ዕድሜ፣ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ማንነትና የንስሐ አባታቸውን ነው። ይህ በሳምንቱ ውስጥ ቢያልቅ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ስብከትና ማስታወቂያ ይከተላል። ማስታወቂያው ከስብከቱ የሚረዝምበት ደብር ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ በየእሑዱ በግቢው ውስጥ አብረው የሚበሉ ምእመናን ማኅበር ነው፤ ብዙ ቦታ የራሱ ቤት አለው። መሪው ሙሴ ይባላል። ተረኛው ዳቦ፣ እንጀራ ከወጡ ጋር፣ ጠላ ይዞ ይመጣል፤ ካህናቱ ይባርካሉ፣ ነዳያን ይበላሉ። 24 አባል ያለው ሰንበቴ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ቢያወጣ ተራው በ12 ሳምንት አንዴ ይደርሳል፤ ይህ ለድሃም የሚቻል ነው። ሰንበቴ የሚፈርሰው በድህነት አይደለም፤ አንዱ በግ አርዶ ሲመጣ ቀጣዩ ሽሮ ይዞ መምጣት ስለሚያፍር ነው። ብልህ ሙሴ የምግቡን ዓይነትና መጠን አስቀድሞ ይወስንና ከዚያ ያለፈውን ይከለክላል።

በዚሁ ሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአዳራሽ ወይም በዛፍ ሥር ይማራሉ፤ መዝሙርም ያጠናሉ።

የአዘቦት ቀናት

ሰኞ ጸጥ ያለ ነው። ኪዳን ይደርሳል፣ የቅዱሳን ታሪክ የያዘው ስንክሳር ይነበባል፣ ጠበል ያለበት ቦታ ሕሙማን ምንም ሳይቀምሱ በማለዳ ይሰለፋሉ። ጸሎቱም በዕለት የተከፈለ ነው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን ሰባት ክፍል አለው፤ የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ»፣ የማክሰኞው «አክሊለ ምክሕነ» እያለ ይቀጥላል። ዳዊት የሚደግሙ አረጋውያንም ሰኞ ፍካሬ ከተባለው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው፣ እሑድ በጸሎተ ነቢያትና በመኃልየ መኃልይ ዙሩን ይዘጋሉ። ብራናቸው የቱ ጋ እንደተገለጠ አይቶ ቀኑን ማወቅ ይቻላል።

ማክሰኞና ሐሙስ በከተማ ደብር የሠርክ ጉባኤ ይኖራል፤ ከሥራ የሚወጣው ሰው እንዲደርስ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፣ ስብከትና መዝሙር ይኖረዋል። የሞንታርቦ ድምፅ ጎረቤትን የሚያማርረው በዚህ ጊዜ ነው። የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ቤት ለቤት የሚጎበኙትም በነዚሁ ቀናት ነው።

ቀብር ቀን አይመርጥም። ፍትሐት ደርሶ ሥርዓቱ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ስለሚፈጸም ሰሞነኞቹ ከሌላ አገልግሎት ጋር ማጣጣም አለባቸው።

በሳምንቱ ላይ ደግሞ ወሩ ይደረባል። 12 የሚካኤል፣ 16 የኪዳነ ምሕረት፣ 19 የገብርኤል፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም ነው። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየወሩ ሁለት ቀን ይገፋል፤ ሚካኤል ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሰኞ ከዋለ ታኅሣሥ ላይ ረቡዕ ይውላል። ጳጉሜን 5 ስትሆን የነሐሴና የመስከረም በዓል አንድ ዕለት ላይ ይውላሉ፤ 6 ስትሆን አንድ ቀን ይገፋል። የጽዋ ማኅበር አባላት ይህን በቃላቸው ያውቁታል፤ ማኅበሩ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ድግሱ የጾም ይሆናልና።

ረቡዕና ዓርብ

ሁለቱ ቀናት ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ልደትና ጥምቀት በእነርሱ ላይ ሲውሉም አይጾሙም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ቅዳሴ ካለ የሚገባው ቀትር ላይ ሲሆን 9 ሰዓት አካባቢ ይወጣል። እዚህ ላይ የቆራቢው ሒሳብ ይለወጣል፦ ረቡዕ 9 ሰዓት ለሚቆርብ ሰው የመጨረሻው ምግብ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው።

በቅዳሜና በእሑድ ግን የጾም ወቅትም ቢሆን ቅዳሴው በጠዋት ነው፤ ስግደትም የለም። ሁለቱም ሰንበት ናቸው። የቅዳሜ መከበር ለረጅም ጊዜ ካከራከረ በኋላ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። ሙሉውን የሚጾመው ቅዳሜ አንድ ብቻ ነው፤ የፋሲካ ዋዜማ የሆነችው ቀዳሚት ስዑር።

ገንዘቡ

አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ነው፤ የተቋቋመውም በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ ነው። በውስጡ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይወከላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ፣ ደብሮች የሚተዳደሩበት መሬት ስለተወሰደ የአባላት መዋጮና ሙዳየ ምጽዋት ዋና ገቢ ሆኑ። ለካህኑ ይህ ማለት ሰሞኑን የሚያገለግለው በእርሻ ሳይሆን በደመወዝ ሆነ፤ ደመወዙም እሑድ በሚሰበሰበው ላይ ተንጠለጠለ።

ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም። የሰበካ ጉባኤው ተወካዮች ባሉበት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ወደ ባንክ ይገባል። ጠብ የሚነሣው ቆጠራው ሲዘገይና ስለት በቃል ብቻ ሲቀበሉ ነው።

በዓይነት የሚመጣውም ይመዘገባል። ጧፍ ከሰም ሲሆን ጭሱ አነስተኛ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ ሻማ ግን ጥቀርሻው በጥቂት ዓመት የግድግዳውን ሥዕል ያጠቁረዋል። ብዙ ደብሮች ሻማ ከሕንፃው ውጭ በተሠራ ማብሪያ ብቻ እንዲበራ የሚያዙት ለዚህ ነው።

በውጭ አገር

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች ካህናቱም ሌላ ሥራ ስላላቸው ሳምንቱ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይጠባል። አዳራሽ ተከራይተው የሚያገለግሉት ቤተልሔም የሚያደርጉት ጥግ ፈልገው ነው፤ ዕጣኑም ጢስ ጠቋሚውን እንዳያስጮኸው አስቀድመው ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራሉ። ዓርብ ዕረፍት በሆነባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በቤት ሠራተኝነት ያሉት እኅቶች የሚወጡት በዚያ ቀን ብቻ ስለሆነ ትልቁ ጉባኤ ዓርብ ይውላል፤ ጾሙ ግን ጾም ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

እናቶች ግቢውን ይጠርጋሉ፣ ቄጤማ ያመጣሉ። አልባሳቱ ታጥበው ደርቀዋል። ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን ይከፍታል። ወጪው ሰሞነኛ ጽናውን፣ ጽዋውን፣ ጻሕሉን፣ ዕርፈ መስቀሉን፣ ማኅፈዱን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ገቢውም ቆጥሮ ይረከባል። የጎደለ ዕጣን ካለ ይነገራል። ከዚያ ወጪው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ገቢው ሊጡን ለማየት ወደ ቤተልሔም ይገባል።